ትልቅ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ማን ለማን ይመልሳል? ሞዴሉን ደረጃ በደረጃ መሥራት

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «የግሩፑን ዳታ አውጥቻለሁ፣ አድቫይዘሬ ስታቲስቲካል ሞዴል ሥራበት ብሎኛል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ላድርግ?» ደሴም ሆናችሁ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የደረሰባችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ በቮይስ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው። አብሽሩ፣ ሒሳቡ ያን ያህል ከባድ አይደለም። የሚከብደው ዳታውን በትክክል ማዘጋጀቱ ነው፤ እኔም ብዙ የምቆየው እሱ ላይ ነው።

በምሳሌነት አንድ የንግድ ግሩፕ እንያዝ። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከባቲና ከወልድያ የተሰባሰቡ 1,200 አባላት የእህልና የከብት ዋጋ ይጠያየቁበታል እንበል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፣ በራሳችሁ ተኩ። ማወቅ የምንፈልገው አንዱ ለሌላው የሚመልሰው በምን ምክንያት እንደሆነ ነው። የአንድ ከተማ ሰዎች ስለሆኑ ነው? ሥራቸው ስለሚገናኝ? ወይስ ያኛው ቀድሞ መልሶለት ስለነበር?

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ፦ እዚህ የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ጥንድ ነው። ሰዒድ ለአልማዝ መመለሱ አንድ ረድፍ ነው፤ አልማዝ ለሰዒድ መመለሷ ሌላ ረድፍ። ስለዚህ 1,200 ሰው ማለት 1,200 × 1,199፣ ማለትም 1,438,800 ረድፍ ነው። አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። ባዶዎቹም ዳታ ናቸው፣ እንዳትጥሏቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ። በ4 ጊጋም ይሄዳል፣ ትዕግሥት ካላችሁ።
• ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ቴሌግራም ዴስክቶፕ።
• አር እና አርስቱዲዮ (የስታቲስቲክስ ማስሊያ ፕሮግራሞች)፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ጄሰንላይት፣ ዳታ ቴብል፣ ኢግራፍ እና ኤልኤምኢ ፎር የሚባሉትን ፓኬጆች (አር ላይ የሚጨመሩ መሣሪያዎች) ኢንተርኔት ባለበት ቀን አስቀድማችሁ አውርዱ።
• የአድሚኑ ፈቃድ በጽሑፍ፣ ከዲፓርትመንታችሁ ደብዳቤ ጋር።
• የአባላቱን ከተማና የሥራ ዓይነት የሚጠይቅ አጭር ፎርም። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የሚሞላው የለም።

ኤክሴል ለዚህ አይሆንም። አንድ ሺት ላይ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ብቻ ስለሆነ የኛ ሠንጠረዥ አይገባበትም። ኤስፒኤስኤስም ለመጠይቅ ጥናት እንጂ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ይህን ስል የሚከፋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

1. «መስተጋብር» ብላችሁ የምትቆጥሩትን ወስኑ

ሪፕላይ? ሜንሽን? ላይክ? አንዱን ምረጡ። እኔ ሪፕላይን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ማን ለማን እንደተናገረ ፋይሉ ራሱ ይነግራችኋል። ችግሩ ብዙ ሰው ሪፕላይ ሳይነካ ከሥር ዝም ብሎ ይጽፋል። «በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሥር የተጻፈ ሁሉ መልስ ነው» ብሎ መቁጠር ይቻላል፣ ግን ያ የእናንተ ግምት ነው። ከሪፕላዩ ጋር አትቀላቅሉት። ለብቻው አስሉትና ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ እዩ። ይህ ደረጃ ካልጠራ በኋላ የሚወጣው ቁጥር ሁሉ ምን እንደሚለካ አይታወቅም።

2. አስፈቅዱ፣ አውጡ፣ ስም አጥፉ

አድሚኑ ፈቀደ ማለት 1,200 ሰው ፈቀደ ማለት አይደለም። ግሩፑ ላይ ማስታወቂያ ለጥፉ፣ «መካተት አልፈልግም» የሚል ካለ አውጡት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ግሩፑን ክፈቱ፣ ሦስቱን ነጥቦች ተጫኑ፣ ታሪክ ኤክስፖርት የሚለውን ምረጡ። ፎቶና ቪዲዮውን ተዉት፤ ፎርማቱን ጄሰን (ፕሮግራም በቀላሉ የሚያነበው ዓይነት) አድርጉ። ኤችቲኤምኤል የሚለው ለዓይን ያምራል፣ ለሥራ ግን ራስ ምታት ነው።

ፋይሉ እንደተከፈተ የላኪውን መለያ ቁጥር፣ የመልእክቱን ቁጥር፣ ለየትኛው መልእክት እንደተመለሰና ሰዓቱን ብቻ አስቀሩ። የመልእክቱን ጽሑፍ ሰርዙት። መለያ ቁጥሩን በራሳችሁ ኮድ ተኩና የኮዱን ቁልፍ ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከስም ተነስታችሁ ሃይማኖት የሚል ቫሪያብል (የሠንጠረዥ ዓምድ) አትሥሩ። ሐሳቡን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ወሎ ውስጥ አባቱ መሐመድ የሚባል ክርስቲያንም፣ የክርስቲያን ስም ያለው ዘመድ የሞላው ሙስሊምም ብርቅ አይደለም፤ ግምታችሁ ስህተት ይሆናል። በዚያ ላይ አዋጁ ሃይማኖትና ብሔርን የመሰሉ መረጃዎችን ለይቶ ጠበቅ ያለ ጥበቃ ይሰጣቸዋል።

3. ማጽዳት

ብዙ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው፣ ይብላ።

ሰውን በመለያ ቁጥር ለዩ እንጂ በስም አትለዩ። እኛ ዘንድ መሐመድ አሊ የሚባል ሰው አንድ ግሩፕ ውስጥ አራት አምስት ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ሰው ደግሞ በየወሩ ስሙን ይቀያይራል። ፎርሙን ከግሩፑ ጋር ስታገናኙ ግን በስም መሥራት ግድ ሊሆንባችሁ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ ፊደሉን አንድ አድርጉ፦ ሐ፣ ኀ እና ሀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ሐሰንና ሀሰን ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉትን በእጅ አዛምዱ፣ አቋራጭ የለውም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፎርሙ ላይ የቴሌግራም ዩዘርኔም መጠየቅ ነው።

ቦቶችን አውጡ። በግሩፑ ስም የሚለጥፍ አድሚን ካለ እሱንም አውጡ፣ ማን እንደሆነ አይታወቅምና። የተመለሰለት መልእክት ተሰርዞ ከሆነ መልሱ ለማን እንደነበር አታውቁም፤ ጣሉት፣ ግን ስንት እንደጣላችሁ መዝግቡ። ለራሱ የመለሰ ሰውም አይቆጠርም።

ሰዓቱን የሚጽፈው መስክ የኮምፒውተራችሁን ሰዓት ተከትሎ ነው የሚወጣው፤ ኮምፒውተሩ የሌላ አገር ሰዓት ላይ ከሆነ ሁሉም ይዛባል። ስለዚህ የዩኒክስ ጊዜ የሚለውን ረጅም ቁጥር ተጠቀሙና 3 ሰዓት ጨምሩበት (ቁጥሩ በሴኮንድ ስለሆነ 10,800 ማለት ነው)። የገበያ ቀንን ማየት ከፈለጋችሁ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከንጋቱ 12 ሰዓት ቁረጡት። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ «ግመል ስንት ገባ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የሚያወራው ስለ ሰኞ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ማክሰኞ ይለዋል።

ኔትወርክ የጠፋባቸውን ቀናትም ለዩ። ሁሉም ዘንድ ከጠፋ ቀኑን ጨርሶ ማውጣት ነው። ባቲ ብቻ ጠፍቶ ከሆነ ግን ሞዴሉ የባቲን ሰዎች «ዝምተኞች» ይላቸዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ከተማ መስመር የነበረባቸውን ቀናት ቆጥራችሁ እንደ አንድ ቫሪያብል ያዙ።

4. ጊዜውን ክፈሉ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው፤ በኔ እምነት ሥራውን የሚያድነውም ይኸው ነው። የ16 ሳምንት ዳታ አላችሁ እንበል። ከ1 እስከ 8 ያሉት ሳምንታት «በፊት» ይሁኑ፣ ከ9 እስከ 12 ያሉት «በኋላ»። የሚያስረዱት ቫሪያብሎች ሁሉ ከ«በፊት» ይመጣሉ፤ የሚብራራው፣ ማለትም መለሰ ወይስ አልመለሰም የሚለው፣ ከ«በኋላ»። የመጨረሻዎቹን 4 ሳምንታት አትንኳቸው፣ ለፈተና ይቆያሉ።

ለምን? አልማዝ ለሰዒድ መመለሷን በሰዒድ ምላሽ ካስረዳችሁና የሰዒድን ደግሞ በዚያው ሳምንት በአልማዝ ምላሽ ካስረዳችሁ ክብ እየዞራችሁ ነው። ጊዜው ሲከፈል ያለፈው የሚመጣውን ያስረዳል፣ ክቡም ይበጠሳል። ሁለቱ ክፍሎች የሚመሳሰል ወቅት ላይ መውደቃቸውንም አረጋግጡ፤ አንደኛው ረመዳን ላይ ከሆነ የሰዎቹ ሰዓትም ወሬም ይለያል።

5. የጥንድ ሠንጠረዡን ሥሩ

በሁለቱም ጊዜ ግሩፑ ውስጥ የነበሩትን ብቻ ያዙ። በኋላ የገባ ሰው በፊት አለመመለሱ ምንም አይነግረንም። ለእያንዳንዱ ረድፍ እነዚህን አስገቡ፦

• ላኪው (የሚመልሰው) እና ተቀባዩ (የሚመለስለት) በፊት የጻፉት የመልእክት ብዛት፣ ሁለቱም ለየብቻ በሎግ (ዜሮ እንዳያስቸግር መጀመሪያ 1 ጨምሩ)
• አንድ ከተማ ናቸው ወይ (1 ወይም 0)
• በከተሞቻቸው መካከል ያለው የመንገድ ርቀት
• ሥራቸው ይገናኛል ወይ፣ ለምሳሌ አንዱ ገዥ ሌላው ሻጭ
• ተቀባዩ በፊት ለላኪው መልሶለት ነበር ወይ
• በፊት ሁለቱም ያወሯቸው የጋራ ሰዎች ስንት ናቸው
• በየከተሞቻቸው መስመር የነበረባቸው ቀናት (ደረጃ 3 ላይ የቆጠራችኋቸው)

ርቀቱን በካርታ ላይ በማስመሪያ አትለኩ። ደሴና ኮምቦልቻ በቀጥታ መስመር ጎረቤት ናቸው፣ መኪናው ግን ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፤ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ለነጋዴ የሚቆጠረው መንገዱ ነው። የታክሲ ዋጋ ካገኛችሁማ እሱ የበለጠ ይሻላል።

ፎርሙን ያልሞሉትን አትጣሏቸው። ከተማቸውን «ያልታወቀ» በሉና አንድ ጊዜ ከእነሱ ጋር፣ አንድ ጊዜ ያለ እነሱ አስሉ። ውጤቱ ከተለያየ ጽሑፋችሁ ላይ ይግባ።

6. ሞዴል ከመክፈታችሁ በፊት በዓይን እዩ

እያንዳንዱ ሰው ከስንት ሰው ጋር እንደተገናኘ በሂስቶግራም ሣሉ። ብዙው ሰው ከአንድ ሁለት ሰው ጋር፣ ጥቂቱ ከመቶ በላይ ጋር ሆኖ ታገኙታላችሁ። እነዚያ ጥቂቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ደላሎችና አድሚኖች ናቸው። አማካዩን ብቻ ካያችሁ ይጠፉባችኋል። ከ1,438,800 ጥንዶች 9,000ው ላይ ምላሽ ተገኘ እንበል፤ ይህ 0.6 በመቶ ግድም ነው። ቁጥሩ ሲያንስ አትደንግጡ፣ ትልቅ የሰዎች ግንኙነት መረብ (ኔትወርክ) ሁሉ እንዲህ ሳሳ ያለ ነው።

7. ከዜሮዎቹ ናሙና ውሰዱ

1.4 ሚሊዮን ረድፍ ላይ ቀጥሎ ያለውን ሞዴል ብትጭኑ ላፕቶፑ ይቆማል። ስለዚህ ምላሽ ያለባቸውን 9,000 ጥንዶች በሙሉ ያዙ፣ ምላሽ ከሌለባቸው 1,429,800 ውስጥ ደግሞ 90,000 በዕጣ አውጡ። ዕጣው ከሁሉም ላይ እኩል ይሁን፤ «ከደሴዎቹ ብቻ» ምናምን አይሠራም።

ኮኤፊሸንቶቹ (ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ቫሪያብል የሚሰጠው ክብደት) በዚህ አይዛቡም፣ ኢንተርሴፕቱ (የሞዴሉ መነሻ ቁጥር) ግን ይዛባል፤ ምክንያቱም ዜሮውን ስለቀነስን ምላሽ ከእውነቱ በላይ የተለመደ ይመስላል። ማስተካከያው ቀላል ነው። 90,000ን ለ1,429,800 ስታካፍሉ 0.063 ይመጣል፣ የዚያ የተፈጥሮ ሎግ −2.77 ነው። ሞዴሉ ከሰጣችሁ ኢንተርሴፕት ላይ 2.77 ቀንሱ። ይህ የሚሠራው ለሎጂስቲክ ሪግሬሽን (ውጤቱ አዎ ወይም አይ ለሆነ ሞዴል) ነው፤ በፖይሰን (ስንት ጊዜ የሚለውን በሚቆጥረው ሞዴል) ላይ እንዲሁ እንዳትገለብጡት።

8. ሞዴሉን አሂዱ

መጀመሪያ ተራ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን፦ መለሰ/አልመለሰም በአንድ በኩል፣ የደረጃ 5 ቫሪያብሎች በሌላ በኩል። ይህ ለመነሻ ብቻ ነው፣ እዚህ ላይ አታቁሙ። ተራው ሞዴል እያንዳንዱን ጥንድ ከሌላው ጋር የማይተዋወቅ አድርጎ ያያል። እውነታው ግን በሙሉው ሠንጠረዥ አንድ ለፍላፊ ሰው በላኪነት ብቻ 1,199 ረድፍ ውስጥ አለ፤ እሱ ብቻውን ስታንዳርድ ኤረሩን (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳየውን ቁጥር) አሳንሶ ሁሉንም ነገር «ሲግኒፊካንት»፣ ማለትም የአጋጣሚ ያልሆነ፣ ያስመስለዋል። የ«ሲግኒፊካንት» ምልክት በሆነው ኮከብ የተሞላ፣ ሦስት ኮከብ በሦስት ኮከብ የሆነ ሠንጠረዥ ይዛችሁ ስትመጡ የምጠራጠረው ለዚህ ነው።

ቀጥላችሁ በኤልኤምኢ ፎር ሁለት ራንደም ኢፌክት ጨምሩ፦ አንድ ለላኪ፣ አንድ ለተቀባይ። የላኪው «ይህ ሰው በባሕርዩ ለማንም ይመልሳል» የሚለውን ይይዛል፤ የተቀባዩ «ለዚህ ሰው ሁሉም ይመልሳል» የሚለውን። ጊዜ ይወስዳል። ቡና አፍሉ፣ ሦስተኛው ሲደርስ ያልቃል።

አነባበቡ እንዲህ ነው፦ «አንድ ከተማ» የሚለው ኮኤፊሸንት 0.7 ከሆነ የ0.7 ኤክስፖነንሻል 2 ግድም ነው። ሌላው ነገር እኩል ሆኖ፣ የአንድ ከተማ ሰዎች የመመላለስ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ነው ማለት ነው። «በፊት መልሶለት ነበር» የሚለው 1.6 ቢሆን ወደ 5 እጥፍ ይሆናል። በጥብቅ ካየነው ይህ የኦድስ (የመሆን ዕድል ለአለመሆን ዕድል ሲካፈል) ንጽጽር ነው፤ ምላሽ ብርቅ ስለሆነ ግን ከዕድል ንጽጽር ጋር ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም።

ስንት ጊዜ ተመላለሱ የሚለውም ከተፈለገ ምላሽ ያለባቸውን ጥንዶች ብቻ ወስዳችሁ፣ ዜሮን የማያካትት ኔጌቲቭ ባይኖሚያል (መበታተኑ ለሰፋ ብዛት የሚሆን ሞዴል) አሂዱባቸው። ፖይሰን አይበቃም፤ ጥቂት ጥንዶች መቶ ጊዜ ስለሚመላለሱ ቫሪያንሱ (የቁጥሮቹ መበታተን) ከአማካዩ እጅግ ይበልጣል።

9. አድቫይዘሩ «ኢአርጂኤም ሥራ» ካለ

ይህ ሞዴል (ሙሉ ስሙ ኤክስፖነንሻል ራንደም ግራፍ ሞዴል) ጥንዶችን ለየብቻ ትቶ ኔትወርኩን በሙሉ እንደ አንድ ነገር ያያል፤ ስታትኔት የሚባለው ጥቅል ውስጥ ይገኛል። የጓደኛ ጓደኛ ጓደኛ ይሆናል ወይ የሚለውን በዚያው ጊዜ ውስጥ ማየት ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የሦስት ማዕዘን (ሦስት ሰዎች እርስ በርስ የሚገናኙበት) ብዛትን በጥሬው አታስገቡ፤ ሞዴሉ ይወድቅና ወይ ማንም ከማንም የማይገናኝበት ወይ ሁሉም ከሁሉም የሚገናኝበት ኔትወርክ ብቻ ማመንጨት ይጀምራል። በምትኩ ጂደብሊውኢኤስፒ የሚባለውን አስገቡ፤ እሱ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ የጋራ ሰው የሚሰጠውን ክብደት እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ በ1,200 ሰው ላይ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደገና ነው። መጀመሪያ የአንድ ከተማ አባላት ላይ ሞክሩት።

10. ፈትሹ

ትክክለኛነትን በ«አኩራሲ» አትለኩ። «ማንም ለማንም አይመልስም» የሚል ሞዴል እዚህ 99.4 በመቶ ትክክል ነው፣ ግን ምንም አያውቅም። ይልቅ ያልነካችኋቸውን 4 ሳምንታት አምጡ። ቫሪያብሎቹን ከሳምንት 5 እስከ 12 ድረስ እንደገና አስሉ፣ ለጥንዶቹ ሁሉ ዕድላቸውን ገምቱ (የ2.77ቷ ማስተካከያ የምታስፈልገው እዚህ ነው)፣ ከፍተኛ ዕድል የተሰጣቸውን 9,000 ጥንዶች ምረጡና ስንቶቹ ላይ በእርግጥ ምላሽ እንደተገኘ ቁጠሩ። ምላሹ እንደ በፊቱ 0.6 በመቶ ከሆነ በጭፍን የመረጠ ሰው 56 ገደማ ያገኛል። ሞዴላችሁ ከዚያ ምን ያህል እንደራቀ ነው ዋጋው።

ቀጥሎ ከሞዴሉ 200 ያህል ኔትወርክ አመንጩ። በእነሱ ውስጥ ስንት ጥንድ ሁለቱም ወገን ይመላለሳሉ? ስንት ሦስት ማዕዘን አለ? ብዙ ሰው የሚያገኘው ሰው ስንት ያገኛል? ከእውነተኛው ጋር አስተያዩ። ሦስት ማዕዘኑ በእውነቱ ውስጥ እጅግ ከበዛ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው በዚያው ሰሞን የሚፈጠር የቡድን ወሬ ነው፣ ያኔ ወደ ደረጃ 9 ሂዱ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«አንድ ከተማ መሆን ምላሽን ያመጣል» ብሎ መጻፍ። የሐይቅ ሰዎች የሚመላለሱት ሐይቅ ስለሆኑ ይሁን ቀድሞም ዘመዳሞች ስለሆኑ ይህ ዳታ አይለይም። «ይዛመዳል» በሉ።

ከግሩፑ ተነስቶ ስለ ወሎ ነጋዴ ሁሉ መናገር። ስማርትፎን የሌለው፣ ዳታ የማይሞላው፣ ባቲ ገበያ ላይ በአፉ ብቻ የሚነግደው ሰው እዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም።

ደላላውን «አውትላየር» (ከሌላው እጅግ የራቀ) ብሎ ማውጣት። አውጥታችሁ የሚሆነውን ማየት ትችላላችሁ፣ ግን ኔትወርኩን የያዘው እሱ ሊሆን ስለሚችል ዋናው ውጤት ውስጥ ይቆይ።

የኔትወርኩን ሥዕል ሰዎቹን ከሚያጋልጥ ዝርዝር ጋር ማተም። ስም ባይኖርም «ከወልድያ፣ በግ ነጋዴ፣ 300 ሰው የሚያገኘው» ካላችሁ ወልድያ ላይ ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ከተማውን ወይም ሥራውን ደብቁ።